ከጉና ሥር እስከ ባሕር ዳር፦ ሕመምተኛ ይዞ ለመውረድ ዝርዝር መመሪያ

ስልኩ የሚደወለው ብዙ ጊዜ ማታ ነው። ቀን ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ የሚወጣው ከብት ከገባ በኋላ ነው። «እታለም ጠንቶባታል፣ ነገ ይዘናት እንወርዳለን፣ እንዳትጠፋ» ይሉኛል። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። መልሼ ብሞክር አይገባም። ባሕር ዳር የሚኖር፣ ዘመዶቹ ደጋ ያሉ ሰው ይህን ስልክ በደንብ ያውቀዋል።

የእኔ ሰዎች ያሉት ጉና ተራራ ሥር ነው። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና ይገባሉ፤ ውሃው መንገዱን ያውቃል። የታመመ ሰው ግን በትከሻ ነው የሚወርደው። ከቤት እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ከቤት እስከ መኪናው ያለው ነው።

እኔ ቤት ስንት ሕመምተኛ እንዳረፈ ቆጥሬ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ሰው የሚጉላላው ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ ነው፤ የሚጉላላበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቀበሌ ላይ የተረሳ ነገር ነው። ያልታደሰ ደብተር፣ ያልተጻፈ ወረቀት፣ ያልተያዘ ስልክ ቁጥር። ለዚህ ነው ይህ መመሪያ ከግማሽ በላዩ ከቤት ሳትወጡ ስለሚሠራው ሥራ የሆነው።

1. ማንም ሳይታመም

እህል ተሰብስቦ እጅ ላይ ብር ባለበት ሰሞን የጤና መድን ደብተራችሁን አድሱ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ውስጥ በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው፤ አማራ ክልል ከአራቱ አንዱ ነበር። የሚመዘገበው ቤተሰብ ነው። «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ለእናቴ ብቻ ላውጣ» ማለት አይሠራም። መዋጮውን መክፈል የማይችል ቤተሰብ በማኅበረሰቡ ተመርጦ መንግሥት የሚከፍልለት አሠራር አለ። ብዙ ሰው አፍሮ ሳይጠይቅ ይቀራል። እናንተ ጠይቁለት።

ደብተሩን ስታወጡ ሦስት ነገር እዩ። የዘንድሮ ማደሻ አለው ወይ? የቤቱ ሰው ሁሉ ፎቶና ስም ገብቷል ወይ? ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ካለ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለታል ወይ? አራተኛ ጥያቄ ደግሞ ለመድኑ ሠራተኛ አቅርቡ፦ «ወረዳችን ባሕር ዳር ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል አለው?» ውል በሌለበት ሆስፒታል ደብተሩ ተራ ወረቀት ነው።

የስም ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ አክስቴን ልጇ ይዟት ወረደ። ጤና ጣቢያ ላይ «የታማሚዋ ስም?» ሲባል ልጁ ደንግጦ «እታለም» አለ። አገሩ ሁሉ የሚጠራት እንደዚያ ነዋ! ወደ ሆስፒታል የሚልከው ሪፈር ወረቀት ላይ «እታለም» ተብሎ ተጻፈ። መድን ደብተሩ ላይ ያለው ግን የክርስትና ስሟ ነው። የላኩን ሆስፒታል ስንደርስ (የትኛው እንደሆነ ይቅር) «ይህቺ ሌላ ሰው ናት» ተባልን። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት መስኮት ስንዞር ዋልን። በመጨረሻ ወረቀቱ ተስተካክሎ እስኪመጣ ከኪሳችን ከፈልን። ስለዚህ በመታወቂያ፣ በመድን ደብተርና በሪፈር ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። የአባትና የአያት ስም ጭምር።

ቀጥሎ ስልክ ቁጥሮች። ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ባትሪው የሚያልቀው ልክ በሚያስፈልግበት ሌሊት ነው። በሩ ላይ በከሰል ጻፉት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቁጥር፣ የጤና ጣቢያው ተረኛ፣ የወረዳው አምቡላንስ ሹፌር፣ መንገድ ዳር መኪና ያለው ሰው፣ ከተማ ያለ ዘመድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 ነው፤ እሱንም ጻፉ። እውነቱን ለመናገር ተራራ ላይ ፈጥኖ የሚደርሰው ጤና ጣቢያው በራሱ የሚጠራው የወረዳው አምቡላንስ ነው። እሱም ቢሆን መኪና መንገዱ እስከሚያበቃበት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቃሬዛው። ብዙ ቀበሌ ላይ እንደ እድር ያለ የቃሬዛ ማኅበር አለ። አባል ሲታመም ጎረምሶች ይጠራሉ፣ ተራ ይዘው ይሸከማሉ። እናንተ ጋ ከሌለ በሰንበቴ ወይም በእድር ስብሰባ ላይ አንሱት። ቃሬዛው የት ቤት እንደተሰቀለ ሁሉም ይወቅ። ገመዱ በስብሶ እንደሆነ ሕመምተኛ እላዩ ላይ ከወጣ በኋላ ሳይሆን አሁን ይታይ።

2. ጤና ኬላን አትናቁ

«እዚያ ምን አለ? አንዲት ልጅ ናት ያለችው» ሲባል እሰማለሁ። ያቺ አንዲት ልጅ ብዙ ትሠራለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ባሕር ዳር እንዳሉት ያለ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። በዚህ ሒሳብ ወረፋው የት እንደሚረዝም ማንም ያውቀዋል።

ጤና ኬላ ላይ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትል፣ የወባ ምርመራና መድኃኒት አለ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሳንባ ምችና የተቅማጥ ሕክምና ይሰጣል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ክንዱ ተለክቶ ምግብ ይሰጠዋል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ኦ.አር.ኤስ (የተሟጠጠውን ውሃ የሚመልስ ዱቄት) እና ዚንክ ያስፈልገዋል። አንዱን የኦ.አር.ኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ የተረፈው ከ24 ሰዓት በላይ አይደር። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ይሰጣል። ጡት አይከልከል። ለዚህ ባሕር ዳር መምጣት አያስፈልግም። ልጅ በተቅማጥ የሚሞትብን ውሃው ተሟጦ ነው፤ ያንን ውሃ መመለስ ቤት ይቻላል።

ሄዳችሁ ዝግ ሆኖ ካገኛችሁት አትመለሱ። ልጅቷ ቤት ለቤት እየዞረች ሊሆን ይችላል። ደውሉላት።

3. ቀን የማይሰጡ ሕመሞች

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። «እስኪ ነገን እንየው» የሚባል ነገር ደጋ ላይ ብዙ ሰው ገድሏል። ርቀቱ ራሱ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ከተማ ላለ ሰው «እንጠብቅ» የሚባለው ሕመም ለእናንተ «አሁን ተነሱ» ነው።

ሕፃን ሲያስል ትንፋሹን ቁጠሩ። ልጁ ተረጋግቶ፣ ሳያለቅስ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው። በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፍዝዝ ካለ ጤና ኬላ ላይ አይቆምም። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ማንኛውም ትኩሳት ቢሆን ችላ አይባልም።

ምጥ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም ልጁ ወጥቶ የእንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተከተለ፣ አትጠብቁ። ከወሊድ በኋላ ደም ከበዛ መኪና እየተጠራ ሳለ ሕፃኑን ጡት አስይዙ፣ ሽንቷን ትሽና፣ ከእምብርቷ በታች ያለውን ማሕፀን በእጅ እያሻችሁ እንዲጠነክር አድርጉ። እግሯን ከፍ አድርጉ። በጋቢ ሸፍኗት፤ ደም የፈሰሰው ሰው ይበርደዋል።

እርጉዝ ሆና ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካለባት «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ አትቀቡ። የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ማንቀጥቀጥ ነው።

የአንድ ወገን ሰውነት ሽባ መሆን፣ አፍ መጣመም፣ ድንገት መናገር አለመቻል፣ ደረት የሚያስጨንቅ ሕመም፣ ሆድ እንደ እንጨት መድረቅ፣ ከከፍታ መውደቅ… እነዚህም ያው ናቸው።

ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ይሁን። ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ተነሱ። ክትባቱ ሁሉም ጤና ጣቢያ ላይ ስለማይገኝ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው።

ስለ ጸበልም አንድ ነገር ልበል። እኔም እጠመቃለሁ። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ የሚጣሉት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች.አይ.ቪ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን ይዞ ይግባ። ሱባኤ ገብቶ ካቋረጠ በሽታው በርትቶ ይመለሳል። የሚያቅማሙ ካሉ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩላቸው። የእሳቸው አንድ ቃል ከእኔ ሃያ ገጽ ይበልጣል።

4. ነፍሰ ጡር ካለች ቀድማ ትውረድ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህ ይሁን። ምጥ የጀመራትን ሴት በጨለማ ገደል ለገደል ከመሸከም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማ በራሷ እግር ወይም በበቅሎ ብትወርድ ይሻላል። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው። እዚያ ሆና ቀኗን ትጠብቃለች። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ እናት ወይም እህት አብራት ትሆናለች። የማቆያው ምግብ ብዙ ጊዜ ማኅበረሰቡ ካዋጣው እህል ነው፤ ቢሆንም ትንሽ ዱቄትና ቅቤ ይዛ ብትሄድ አይከፋም።

በተለይ የመጀመሪያ ልጅ የሆነባት፣ መንታ ያረገዘች፣ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም ደም ፈስሷት የምታውቅ ሴት ቤት አትጠብቅ። በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ ጤና ጣቢያም አይበቃትም፤ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል አጠገብ ትሁን።

የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። የመድን ደብተር ባይኖራትም። ይህን አማቶች ይወቁት፤ «ወጪው» የሚለው ሰበብ ከእነሱ ነው የሚመጣው።

ስለ ፊስቱላ ደግሞ እዚሁ ልጨምር። ረጅም ምጥ ቆይቶባት፣ ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት በየጓዳው አለች። ባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፤ ሕክምናው ነፃ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ይታከማል። ጎረቤት ካለች ለብቻዋ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት።

5. ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው

ደገኛ ወባ አያውቅም ይባላል። ግን ወጣቱ ለአረም ፎገራ፣ ለሰሊጥ መተማና ሑመራ ይወርዳል። ተመልሶ ሲታመም ሐኪሙን የሚረዳው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከዚህ እስከዚህ ቀን መተማ ነበርኩ።» ሳትጠየቁ ተናገሩት።

ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎት፣ የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ እየከሳ ጣፊያው ያበጠ ሰው ካላዛር የሚባለው በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲነሳ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ባክኗል። ያ እንዳይደገም ምርመራውን በስሙ ጠይቁ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ደግሞ አክታውን ያስመርምር፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራውም መድኃኒቱም ነፃ ነው።

6. ቃሬዛ ላይ

ሁለት ጠንካራ አጣና፣ መሃሉ በመጫኛ ወይም በጠፍር የተወጠረ፣ ላዩ ላይ ጆንያና ብርድ ልብስ። አራት ሰው ይይዛል፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ግን ቢያንስ ስምንት፣ ቢቻል 12 ሰው ይነሳ። የደከመ ሰው ይጥላል። አንድ ሰው ሳይሸከም ፊት ፊት ይሂድ፤ ድንጋይ የሚያነሳ፣ ወንዙን የሚያይ፣ ስልክ የሚደውል። ክረምት ላይ ወንዝ ከሞላ አትድፈሩ። የሚቀንስበትን ሰዓት ጠብቁ ወይም ዞራችሁ ሂዱ።

አቀማመጡ ይወስናል። ቁልቁለት ስትወርዱ እግሩ ፊት ይሁን፤ ዳገት ስትወጡ ጭንቅላቱ ፊት ይሁን። እንዲህ ሲሆን ራሱ ምንጊዜም በላይ በኩል ይሆናል። እርጉዝ ሴት በግራ ጎኗ ትተኛ። ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ ውሃም ጸበልም በአፉ አይደረግ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። መተንፈስ የከበደው ሰው አይንጋለል፤ ጀርባው ተደግፎ ከፍ ይበል። ከዛፍ ወይም ከገደል የወደቀ ሰው አንገቱና ወገቡ ሳይታጠፍ፣ ሦስት አራት ሰው አንድ ላይ ገልብጦ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ያድርገው። እንደ ጆንያ ብብቱንና እግሩን ይዞ ማንሳት የዳነውን ሰው ሽባ ያደርጋል።

ከመነሳታችሁ በፊት መኪናው የት እንደሚጠብቅ በቦታ ስም ተስማሙ። «መንገዱ ላይ» ማለት አይበቃም። ሰሞኑን መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። አምቡላንስ ከሌለ ገበያ የሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ወይም ሚኒባስ ኮንትራት ነው። ኮንትራት ስትስማሙ «ሆስፒታሉ በር ድረስ» ብላችሁ ተስማሙ፤ መናኸሪያ ላይ «እዚህ ነው የተነጋገርነው» የሚል ሹፌር ሞልቷል።

ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ያሉ ዘመዶች ይህን ሲያነቡ ይስቁ ይሆናል። የእነሱ ገደል ውሃ ነው። ማዕበል ሲነሳ ጀልባው አይነሳም። የቀረው ምክር ሁሉ ግን ለእነሱም ይሠራል፤ በተለይ ነፍሰ ጡርን ቀድሞ ማሻገር።

7. ሪፈር ወረቀት

ድንገተኛ ከሆነ ወረቀት ፍለጋ አትቆዩ። ድንገተኛ ሕመምተኛ ያለ ሪፈርም ይታያል፤ ሕክምናው ይቀድማል፣ ክፍያው ይከተላል።

ድንገተኛ ካልሆነ ግን ጤና ጣቢያን ዘላችሁ አትምጡ። የመድን አባል ብትሆኑም እንኳ ደረጃውን ዘልላችሁ ከመጣችሁ ከኪስ ትከፍላላችሁ። ከዚያም በላይ፣ ጤና ጣቢያው ራሱ ሊያክመው የሚችለው ነገር ብዙ ነው። ወይም ደብረ ታቦር ላይ ያልቃል። ሰው «ባሕር ዳር ካልታየሁ» ብሎ ሁለት በግ ሸጦ መጥቶ፣ ደብረ ታቦር የሚገኝ መድኃኒት ታዝዞለት ሲመለስ አይቻለሁ።

ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቁማችሁ እዩ። ማንበብ የማይችል ካለ ተማሪ ልጅ ይዞ ይሂድ። ሙሉ ስምና ዕድሜ፣ የተላከበት ሆስፒታልና ክፍል፣ የሕመሙ ታሪክ፣ የተሰጠ መድኃኒትና ሰዓቱ፣ ፊርማና ማኅተም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ተራራውን መልሶ ያስወጣል። ከዚያ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱትና ከተማ ላለው ዘመድ ላኩ። ወረቀት ዝናብ ይበላዋል፤ ፎቶው ግን ይተርፋል። የሚልካችሁን ባለሙያም «ሆስፒታሉ ላይ ደውለዋል ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ሆስፒታል ላይ ሪፈርን የሚቀበል ላይዘን የሚባል ክፍል አለ።

8. ኪስና ስልቻ

የመድን ደብተር መኪና፣ የአስታማሚ ምግብና አልጋ አይከፍልም። መነጽርም አይሸፍንም። ሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒት ካለቀ ከውጭ መግዛት ይመጣል። ስለዚህ ጥሬ ብር ያዙ፤ ግን ሁሉንም በአንድ ኪስ አይደለም። የቀረውን ቴሌብር ላይ አድርጉ፤ እቁብተኛውና እድሩም በዚያው ይልክላችኋል።

አስታማሚ ሁለት ይበቃል። አንድ ከታማሚው የማይለይ፣ አንድ የሚሮጥ። የሚሮጠው ማንበብ የሚችል ይሁን። ዘመድ አዝማድ ስምንት ሆኖ መውረድ ፍቅር ነው፣ ግን ባሕር ዳር ላይ ስምንት እንጀራ ነው። ብቻ ቀዶ ሕክምና ካለ ደም ሊያስፈልግ ይችላልና ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው ከመካከላችሁ ይኑር።

ስልቻ ውስጥ፦ በሶና ቆሎ፣ ፔርሙስ፣ ጋቢ፣ ሰሌን፣ ሳሙና፣ ትንሽ ጀሪካን፣ የስልክ ቻርጀር። ታማሚው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ። የባሕል መድኃኒትም ከወሰደ አትደብቁ። ሐኪሙ አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይለፈው።

9. ባሕር ዳር

ዓባይን ስትሻገሩ ደርሳችኋል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ታማሚውን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩት፤ ትንሽ ፈገግ ይላል።

አሁን ዋናው ስህተት የሚሠራበት ቦታ ነው። ባሕር ዳር ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሏት። ፈለገ ሕይወት ሐይቁ ዳር፣ ከተማው ውስጥ ነው። ጥበበ ግዮን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ነው። ባጃጅ ላይ ወጥታችሁ «ሆስፒታል» ብቻ ካላችሁ ወዳልተላካችሁበት ትሄዳላችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ጥሩ።

ታማሚው ከከፋ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ካልከፋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ካርድ ክፍል መድረስ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ዘመድ ቤት እደሩ። መጀመሪያ የሚያያችሁ የጤና ባለሙያ የሕመሙን ክብደት ይለያል፤ ትሪያጅ ይሉታል። እዚያ ላይ ደጋ ያደገ ሰው አንድ ጠባይ አለው። «እንዴት ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ደም እየፈሰሰው! አባ እንዲህ ሲሉ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ተራ አስያዧም ደህና ናቸው ብላ ወደ ኋላ አስቀመጠቻቸው። ምስጋናው ይቅርና አስታማሚው ቀድሞ ይናገር፦ መቼ ጀመረ፣ ምን ይብሳል፣ ምን ተሰጠው።

ሐኪሙ ሲናገር ያልገባችሁን «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» በሉ። አዎን ብሎ መውጣት ጨዋነት አይደለም። ላብራቶሪና ኤክስሬይ ስትላኩ ቦታውን የጥበቃ ሠራተኞችን ጠይቁ፤ ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ውጪ ላሳክምህ፣ እዚህ ወረፋ አይደርስህም» የሚል ሰው ከቀረባችሁ ግን ወደ ላይዘን ክፍል ሂዱ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። በቂ አልጋ ከሌለ፣ ገንዘብ ካለቀ፣ መድን ላይ ችግር ከተፈጠረ የሚጠየቀው ላይዘን ወይም የሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት ነው። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ግን ማንም ሳያያችሁ ያስመሻል።

10. ከመውጣታችሁ በፊት፣ እና ስትመለሱ

ሲወጣ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የቀጠሮ ቀን ይኑር። ቀጠሮው የኢትዮጵያ ቀን መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ይህን ጠይቁ፦ «ይህን መድኃኒት ጤና ጣቢያችን ላይ መቀጠል ይችላል?» የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የአስምና የሚጥል በሽታ መድኃኒት በየወሩ ለመውሰድ ባሕር ዳር መመላለስ የማያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪሙ መልስ ሪፈር ይጽፍላችኋል። ጤና ጣቢያው እንዲከታተለው ያንን ወረቀት በዚያው ሳምንት አድርሱ። ቀጠሮ ካለም ከገበያ ቀን ጋር አገጣጥሙት፤ መኪና የሚገኘው ያኔ ነው።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ልብ በሉ። ቆላ ላይ ሙቀት ያበላሸዋል፤ እናንተ ጋ ግን ውርጭ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ሌሊት ከግድግዳው አጠገብ አታስቀምጡት፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ምድጃ በሌለበት ወገን፣ ከሰው አጠገብ ይደር።

ቁስል ካለ መቅላቱን፣ መግል መያዙን፣ ትኩሳቱን እዩ። ከታየ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ጤና ጣቢያ። ምን እንደሆነ ካልገባችሁ ቁስሉን ፎቶ አንስታችሁ ያንን ጉብታ ላይ ውጡና ላኩልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሐኪም ያለበትን በር አውቃለሁ።

ቤት ስትደርሱ ቡና ከመፈላቱ በፊት ቃሬዛውን ወደ ተሰቀለበት ቤት መልሱ። ብርድ ልብሱ ታጥቦ፣ የተበጠሰው ገመድ ተቀይሮ። ዛሬ ማታ ሌላ ሰው ሊፈልገው ይችላል።